የሳይቤሪያን ብርድ ማን ያምነኛል

ማጋነን ልክ አለው። ሰው ዝም ብሎ አፉ እንዳመጣለት ከጨመረ አጋነነ አይባልም፣ አበደ ነው የሚባለው። እኔ በእንሴኖና በዙሪያዋ ይህን ሥራ ስሠራ ኖሬያለሁ፤ ደሞዝ የለውም እንጂ ሻይ አያሳጣም። ሰዉም ልኬን ያውቃል። የዘነበው በረዶ የአህያ ጭንቅላት ያህል ነበር ካልኩ፣ ሰሚው በልቡ ቀንሶ ቀንሶ ሎሚ ያህል ያደርገውና ወደ ቤቱ ይዞት ይሄዳል። ማንም አይጎዳም። እናንተም ይህን ስታነቡ እንደዚያው ቀንሱ፤ አልቀየምም። ብርዱ ላይ ስትደርሱ ብቻ አትቀንሱ። መከራዬን ያየሁት እዚያ ላይ ነው።

ጎረቤቴ ከድር በርበሬ አምራች ነው። አብረን ነው ያደግነው። ሳወራ ፊት ለፊቴ ተቀምጦ እንባው እስኪወርድ ይስቃል፤ ግን በሕይወቱ አንዲት ቃሌን አምኖ አያውቅም። ልጁ ፈቲያ ጉብሬ ካለው ዩኒቨርሲቲ ተመርቃ መጣችና ወንበር ሳይሞቃት፣ ሳይቤሪያ በሚባል አገር ነፃ የትምህርት ዕድል አገኘሁ አለች። የምታጠናው መሬት ነው።

"መሬት ለማጥናት? መስቃን ላይ የቆምንበት ምንድነው ታዲያ?" አላት አባቷ።

ቢሆንም እሺ ወደ ማለቱ ነበር። ነገሩን ያበላሹት አንድ መምህር ናቸው። እኒህ መምህር ከጎንደር በኩል መጥተው ቡታጅራ የከረሙ፣ ጥሩ ሰው፣ ግን መዋሸት የማያውቁ ናቸው። እኛ ሰሜን ሲባል የሳቸውን አገር ነበር የምናስበው፤ ለካ ከሳቸውም ወዲያ ሌላ ሰሜን አለ። ከድር ሄዶ ምን ዓይነት አገር እንደሆነ ቢጠይቃቸው፣ ያለውን እንዳለ ነገሩት። መሬቱ ከሥሩ በጋ ከክረምት በረዶ ነው አሉት። ድሮ ድሮ ንጉሥ የተቆጣውን ሰው የሚልክበት ቦታ ነበር አሉት።

ከድር ሻዩን ሳይጨርስ ተነሳ። "ንጉሥ ያልተቆጣትን ልጅ እኔ ምን በወጣኝ እልካታለሁ?" ብሎ ነገሩን ዘጋው።

የመሄጃዋ ጊዜ ሲደርስ ፈቲያ እኔ ዘንድ መጣች። ዓይኗ አብጧል።

"ጋሼ፣ አባቴን አነጋግርልኝ።"

"ምን ብዬ? ሞቃት አገር ነው ልበለው?"

"አይደለም። መምህሩ ያሉትን አንተም ድገምለት። ካንተ አፍ ከወጣ አያምነውም።"

አየኋት። ይህች ልጅ ያጠናችው መሬት ብቻ አይደለም፣ እኛንም ነው።

ስልኳን ከፍታ ታሳየኝ ጀመር። ገበያ ላይ ወተት እንደ ድፎ ዳቦ ክብ ሆኖ ተደርድሮ ይሸጣል። ዓሣው እንደ ማገዶ ግንድ ቀጥ ብሎ ቆሟል። መኪናው ከጠፋ መልሶ አይነሳም ተብሎ ሞተሩ ሲያጓራ ያድራል። ፈረሱ ጠጉራም ነው፤ በረዶውን በኮቴው ጭሮ ሣር ያወጣል። ከመሬት ውስጥ ደግሞ ፀጉር የለበሰ ዝሆን ከነሥጋው ቆፍረው ያገኛሉ፤ መቼ እንደሞተ የሚያስታውስ የለም። ክው አልኩ። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ የደከምኩበትን ሙያ እነዚህ ሰዎች ኑሮ አድርገውታል።

በገበያ ቀን እንሴኖ ሻይ ቤት ከድር ፊት ተቀመጥኩና ጀመርኩ። አንዲት ነገር አልጨመርኩም። እንደዚያ ቀን ታግዬ አላውቅም፤ ምላሴ ልትጨምር ትዘላለች፣ እኔ ጎትቼ እይዛታለሁ። ወተቱ ላይ ፈገግ አለ። መኪናው ላይ ሻዩ ትን አለው። ዝሆኑ ላይ ስደርስ ጠረጴዛውን ይዞ፣ "በቃ፣ በቃ፣ ወላሂ ሆዴን አመመኝ" አለ።

ከዚያ ሳቁ ድንገት ቆመ።

"ቆይ እስቲ፣ ይሄን ነገር መምህሩም ነግረውኝ ነበር እኮ።"

እኔ ስኳሩ የሟሟውን ሻይ እንደገና ማማሰል ጀመርኩ።

"ለካ እሳቸውን ያሳሳትካቸው አንተ ነህ!" አለና እንደገና ሳቀ።

ፈቲያ ሄደች። እናቷ ሻንጣዋን ከልብስ ይልቅ በቆጮና በበርበሬ ሞላችው።

ሰላም ያጣሁት ከዚያ ወዲህ ነው። አንድ ቦታ መቀመጥ አቃተኝ። ጨዋታ ጀምሬ መሐሉ ላይ እነሳለሁ። ጠዋት ጠዋት ነፋሱ ከዘቢዳር ተራራ ሲወርድ ጋቢዬን አውልቄ ደጅ እቆማለሁ፣ እሷ ያለችበትን ልገምት። ስንት እጥፍ ልጨምርበት? ለመጀመሪያ ጊዜ መጨመር አቃተኝ።

ከወራት በኋላ በቪዲዮ ደወለች፤ ከድር ስልኩን እንደያዘ እየሮጠ እኔ ቤት መጣ። የልጅቷ ሽፋሽፍት ነጭ ሆኗል። ከእናቷ ቆጮ የተረፈውን ከመስኮት ውጭ አንጠልጥላው ድንጋይ ሆኖ፣ በመጥረቢያ ፈልጣ እንደበላች ነገረችን። ከጎኗ ላለ ሰው በነሱ ቋንቋ አንድ ነገር አለችና ሳቀች። ያ ሳቅ ከእኛ ሰፈር የወሰደችው አልነበረም። ስልኩ ተዘጋ።

"እውነትህን ነበር" አለኝ ከድር። እንደዚያ ተሰድቤ አላውቅም። "ዕድሜ ልክህን ስትዋሸኝ አንድ ቀን ተቀይሜህ አውቃለሁ? ምን በደልኩህና እውነት ነገርከኝ?"

ጓሮ ወጥተን ቆጮ ከተቀበረበት ጉድጓድ አጠገብ ተቀመጥን። እኛ የምንቀብረው እንዲለወጥ ነው፤ ገብቶ እንደገባ የሚወጣ ከሆነ ምን ይበላል? የዚያኛው አገር መሬት ግን የተሰጠውን እንዳለ ይዞ ይቀመጣል። ከድርም ይህንኑ ሲያሰላስል ነበር መሰለኝ።

"ያ ዝሆን" አለ። "ያን ሁሉ ዘመን ቆይቶ፣ እንደገባ ነው የወጣው ያልከኝ?"

"እንደገባ።"

"ፀጉሩ ሳይቀር?"

"ፀጉሩ ሳይቀር።"

"እንግዲህ እሷም እንደሄደች ትመለሳለቻ።"

ሳቋ ጆሮዬ ውስጥ ነበር።

"እንደሄደች ትመለሳለች" አልኩት።

ከድር ፊቴን ብዙ አየው። ከዚያ አፈሩን ከልብሱ አራግፎ ወደ ቤቱ ሄደ። ያልኩትን ቀንሶት ይሁን፣ እንዳለ ይዞት፣ እኔ እንጃ።