ጣሪያቸው ላይ ጉጉት ያረፈባቸው እማማ

አቴንስ ውስጥ አሮጊት መሆን ትልቅ ሹመት ነው። የጥበብና የጦርነት አምላካችን አቴና ወደ ሰው መንደር ስትወርድ አሮጊት መስላ ነው ይባላል፤ ትመክራለች፣ ያልሰማትን ትቀጣለች። ስለዚህ በከተማችን ሁሉን አውቃለሁ ባይ አሮጊትን "አርፈው ይቀመጡ" የሚል ወንድ አልተፈጠረም።

የእኛ የሸክላ ሠሪዎች ሰፈር ሹመኛ ክብርት እማማ ኒካሬቴ ናቸው። "አይ ልጄ፣ እንዲህ አይደለም!" ሳይሉ ቀናቸው አይጀምርም። ጫማ ሰፊውን ስለ ቆዳ ያስተምሩታል። አርባ ዓመት ጭቃ ያቦካሁትን እኔን ስለ ጭቃ ይመክሩኛል። ባለፈው በዓል የመሥዋዕቱን በሬ ሊያርድ ቢላ ያነሳውን ካህን "አይ ልጄ!" ብለው ሲያስቆሙት፣ ካህኑም በሬውም ዞረው አዩዋቸው።

አንድ ቀን የአቴና ወፍ ጉጉት ጣሪያቸው ላይ አረፈች። እርግጥ እዚህ ጉጉት ያላረፈበት ጣሪያ የለም፤ ግን ማን ይህን ያስባል? ከዚያ ወዲያ ዓሣ ሻጩ ክሴኖን ወፍራም ወፍራሙን ሰርዲን እየመረጠ "ይውሰዱ እማማ፣ ለእርስዎማ ምን ይሰሰታል?" ይላቸዋል። እሳቸው አቴና ነኝም አይደለሁምም አላሉም። ዓሣውን ግን ይወስዳሉ።

እኔ በሆዴ እስቅ ነበር፤ አንድዬ ልጄ ፊሊኖስ ለዘመቻ እስኪጠራ ድረስ። ያን ጠዋት እማማ ሳይጠሩ ደጃችን ደርሰው ጋሻውን ነጠቁት።

"አይ ልጄ፣ እንዲህ አይደለም! ማነው ይሄን ማሰሪያ ያሰረልህ?"

"አባቴ።"

"አባትህ ገንቦውን ይሥራ!"

ፈትተው፣ በጥርሳቸው ጭምር እየሳቡ አጠበቁት። ምነው እውነትም አቴና በሆኑ ብዬ እንደዚያን ቀን ተመኝቼ አላውቅም። አምላክ ያሰረችው አይፈታማ።

ዘማቾቹ ሲወጡ ግን በከተማው በር ጥግ፣ በመጎናጸፊያቸው አፋቸውን ይዘው ሲያለቅሱ አገኘኋቸው።

"ምነው እማማ?"

"የኔውም ልጅ በዚሁ በር ወጥቶ ነው የቀረው። የጋሻው ማሰሪያ ላልቶ አይቼዋለሁ። 'እናቴ ነገር ታበዛለች' እንዳይለኝ ብዬ ዝም አልኩ።"

አቴና ልጅ የላትም። እንግዲህ የልጄን ጋሻ ያሰሩት ተራ አሮጊት ናቸው ማለት ነው።

ፊሊኖስ በወይን ለቀማ ሰሞን ተመለሰ፤ ከስቶ፣ ጠቁሮ፣ ግን በሕይወት። ጋሻው ተሰንጥቋል፤ ማሰሪያው እንደታሰረ ነው። ክሴኖን "አላልኳችሁም? ራሷ አቴና ናት!" እያለ ሰፈሩን አዳረሰ። እኔ ያየሁትን ለማንም አልተናገርኩም፤ ብናገር ሰርዲኑ ይቀርባቸዋል።

ዛሬም ሥራ ቦታዬ መጥተው "አይ ልጄ፣ እንዲህ አይደለም!" ይሉኛል። ድሮ "እሺ" የምላቸው፣ በሆዴ እየሳቅሁም ቢሆን፣ አምላክ እንዳይሆኑ ፈርቼ ነበር። አሁን አለመሆናቸውን እያወቅሁ፣ ያለቀ ገንቦ አፍርሼ እንደ አዲስ እሠራለሁ።