ግማሽ ጎል

ኳስ ቤት ውስጥ ሲጫወቱ አይተህ ታውቃለህ? ዛሬ ብርቅ አይደለም ይላሉ። እኔ የማወራህ ግን የጃንሆይን ጊዜ ነው፤ ዲላ ላይ፣ የቡና መጋዘን ውስጥ። እስከ ዛሬ ትዝ ሲለኝ አፌን ይዤ ነው የምቀረው።

የዲላን ክረምት የቀመሰ ያውቀዋል። ሜዳው ጭቃ ነው፤ ኳሷን ስትመታ ጫማህ ቀድሟት ይሄዳል። ቡናው ተጭኖ ካለቀ በኋላ ደግሞ መጋዘኑ ባዶውን ያዛጋል። እኔ እዚያው ሚዛን ያዥ ነበርኩና ባለቤቱን ለምኜ አስፈቀድኩ። እሳቸውም ለካ ኳስ ወዳድ ናቸው፣ ላሸነፈ ቡድን ሰንጋ እሰጣለሁ አሉ። ሰንጋ ሲባል ማን ይቀራል? ዲላ፣ ይርጋጨፌ፣ ዱመርሶና ቡሌ ቡድን አቆሙ። የዱመርሶ ልጆች በመጀመሪያው እሑድ ጣሪያውን ሲደበድቡት ዋሉ፤ ቆርቆሮው ሲጮህ የሰፈሩ ውሻ ሁሉ አብሮ ጮኸ። የቡሌዎቹ ግን ያን ሁሉ ቁልቁለት በጭቃ ወርደው ይመጣሉ፣ ዝም ብለው ያገባሉ፣ ዝም ብለው ይመለሳሉ። ዝምተኛ ሰው ያስፈራል።

ጎሉ ምን መሰለህ? ነጭ ኖራ የተቀባ ግድግዳ ላይ በከሰል የተሳለ ነው። መረብ የለ፣ ቋሚ የለ። ገባ አልገባ እያልን ለዱላ ስንጋበዝ አንዱ መላ አመጣ፤ ኳሷን ቀይ ጭቃ እንቀባትና የመታችበትን ራሷ ትመስክር አለ። ግሩም መላ ነበር። ክረምቱን ሙሉ በሰላም ተጫውተን ዲላና ቡሌ ለፍጻሜ ደረስን።

አሁን ወደ ራሴ ጉዳይ ልምጣ። ታደለች የምትባል ልጅ ወድጄ ነበር። እሑድ እሑድ መጋዘኑ በር ላይ ቆማ ጨዋታ ታያለች። ማንን ልታይ? እኔን ነዋ። አባቷ አቶ በራሶ ቃላቸው የሚደመጥ ሰው ናቸው። አማላጅ ብልክባቸው፣ ሚዛን ከመያዝ ሌላ ምን ይዟል አሉ አሉኝ። የቡድኔ ልጆች ካሸነፍን ሰንጋው ለአንተ ይሁን ብለውኝ ነበርና፣ እኔም ሰንጋ ይዤ እመጣለሁ ብዬ መለስኩላቸው። ይሁን አሉ። ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይኸው ነው፤ የእኔው በሬ መሆኑ ብቻ ነው ልዩነቱ።

ፍጻሜው እኩል ለእኩል ሊያልቅ ሲል እኔ መታሁ። ምልክቱ የት አረፈ? መስመሩ ላይ። ግማሹ ከከሰሉ ወዲህ፣ ግማሹ ከከሰሉ ወዲያ። ጂግሶ የሚባለው የቡሌ በረኛ አልገባም አለ። እኔ ገብቷል አልኩ። ዳኛችን የትምህርት ቤት መምህር ነበር፤ ግድግዳውን አየ፣ ሁለታችንን አየ፣ መውጫውን አየ። ከዚያ «ይሄ የሽማግሌ ነው» አለና ፊሽካውን ኪሱ ከተተ።

እዚያ አገር ነገር ሽማግሌ ዘንድ ከሄደ ቀልድ የለም። ሶንጎ በሚሉት የሽማግሌ ሸንጎ ተቀምጠው ደም የሚያደርቁ፣ ድንበር የሚለዩ አባቶች በማግስቱ መጋዘን ገቡ። መካከላቸው ማን አለ? አቶ በራሶ። ደስታዬን አትጠይቀኝ፤ አማቴ ሊፈርዱልኝ ነው። ግድግዳውን በጣታቸው ዳሰሱ። እኔን ሰሙ፣ ጂግሶን ሰሙ፣ እንደገና እኔን ሰሙ። በመጨረሻ አቶ በራሶ ከዘራቸውን ተደግፈው ተነሡ።

«ግድግዳ አይዋሽም» አሉ። «ግማሹ ገብቷል፣ ግማሹ አልገባም። ሁለታችሁም እውነት ተናግራችኋል። ግን ተጣልታችኋል። የተጣላ ሰው ደግሞ አብሮ ሳይበላ አይታረቅም። ሰንጋው ይታረድ።»

ክው አልኩ። በሽማግሌ ፊት «አባቴ፣ ሰንጋው እኮ የእርስዎ ነው» ይባላል? ሰንጋው ተጣለ። አቶ በራሶ የገዛ ጥሎሻቸውን እያጣጣሙ ሲበሉ ፊት ለፊታቸው ተቀምጬ አየሁ። የእኔንም ድርሻ ጎረሱልኝ ማለት ይቻላል።

በዚህ ያበቃ መስሎሃል? ከሥጋው በኋላ ከቡሌ የመጡ አንድ አዛውንት አፋቸውን ጠረጉና «ሥጋ ያልቃል። ዲላና ቡሌ ከርሞ ደግሞ ይጣላሉ። ዝምድና ግን አያልቅም» አሉ። ሁሉም ራሱን ነቀነቀ። አቶ በራሶ ጂግሶን አስጠሩና የማን ልጅ እንደሆነ፣ እንሰቱ ምን ያህል እንደሆነ ይጠይቁት ጀመር። እኔ እንሰት የለኝም፤ ሚዛኑም የባለ መጋዘኑ ነው። ታደለችም ትፈቅደው እንደሆነ ተጠየቀች። አንገቷን ደፋችና ፈገግ አለች። ያን ፈገግታ እኔ አንድም ቀን አይቼው አላውቅም። ያኔ ነው የገባኝ፤ እሷ የምትቆምበት የመጋዘኑ በር ያለው የቡሌ በረኛ ሁልጊዜ ከሚቆምበት ጎል አጠገብ ነው።

እኔስ ምን ሆንኩ? ቂም እንዳይቀር ሚዜ ይሁን ተብሎ ተፈረደብኝ። ያን የቡሌ ዳገት በጭቃ ወጥቼ፣ ሙሽራው አጠገብ ቆሜ ጨፈርኩ። ጂግሶ ለነገሩ ደግ ልጅ ነው፤ ልጠላው ሞክሬ አቃተኝ። ይሄ ከሁሉ የባሰ ያናድደኛል።

እርቅ ደግ ነው ይላሉ። ደግ ነው፣ ማን ክፉ ነው አለ? እኔ ግን ከዚያ ወዲህ ከሰው ከተጣላሁ እንደተጣላሁ እቀራለሁ። ወጪው ያንሳል።