እናቴን ዝሆን ላሳይ ስነሳ

ፈረንጅ ይዞ ዋጋ መጠየቅ በገዛ እጅ መዘረፍ ነው። አገር ቤት የውጭ እንግዳ ያስተናገደ ሁሉ ዘዴውን ያውቀዋል። እንግዳውን ጥግ ላይ፣ ቢቻል ታክሲ ውስጥ ትደብቀዋለህ። ብቻህን ገብተህ ትከራከራለህ። ዋጋው ከተቆረጠ በኋላ እንግዳው እየሳቀ ብቅ ይላል፣ ነጋዴው ደግሞ ከንፈሩን ይነክሳል። ዕቃው አንድ፣ ሚዛኑ አንድ፣ ዋጋው ግን ሁለት። እኔ ዲቪ ደርሶኝ ሎስ አንጀለስ ስገባ ቪዛ የተመታው ለእኔ ብቻ ነበር፤ ይህ ጥበብ ግን ሳይፈተሽ አብሮኝ ገባ። እዚህ ፈረንጁ ባለአገር፣ እንግዳው እኔ መሆኔን አላጣሁትም። ቢሆንም ጥበብ አይጣልም፣ አንድ ቀን ትጠቅማለች ብዬ አስቀመጥኳት።

ያቺ አንድ ቀን ባለፈው ዓመት መጣች።

ሥራዬ አረጋውያንን መንከባከብ ነው። ዌስት አዳምስ አድራለሁ፣ ሳንታ ሞኒካ ሚስ ዶረቲ ቤት እውላለሁ። ሚስ ዶረቲ ሰማንያን የተሻገረች፣ ጡረታ የወጣች የሙዚቃ አስተማሪ ናት። (እንግሊዝኛ አንቱታ ስለሌለው እኔም እንዲሁ "አንቺ" እያልኩ ለምጃለሁ። ይህን የሰፈሬ ሽማግሌዎች ቢሰሙ አፌን በበርበሬ ያሹልኝ ነበር።) ጆሮዋ ጎረቤት የሚንሾካሾከውን ይሰማል፤ ጉልበቷ ግን ከድቷታል። ባሏ ካረፈ ቆይቷል፣ ደግና ቆጣቢ ሰው እንደነበር ትነግረኛለች። አንድ ልጅ አላት፣ ሌላ ስቴት ነው የሚኖረው። እሁድ እሁድ ይደውላል፤ ምንም ነገር ብትጠይቀው መልሱ "በሚመጣው ዓመት" ነው።

የምትጠይቀው ደግሞ አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ ዝሆን ማየት። በአጥር የታጠረውን አይደለም፣ በገዛ አገሩ በገዛ እግሩ የሚንጎራደደውን። ሐኪሟ ጉልበቷን አገላብጦ አይቶ፣ መሄድ ካሰብሽ ዘንድሮ ሂጂ፣ ለከርሞ ደረጃ መውጣትሽንም እንጃ አላት። እሷም ለልጇ ሳትነግር ፒያኖዋን ሸጠች። አንድ ጠዋት ስገባ ፒያኖው የለም፤ ምንጣፉ ላይ የሦስት እግሮቹ ጉድጓድ ብቻ ቀርቷል። ቁርሷን ሳቀርብላት፣ ገንዘቡ ይኸው፣ ከዚህ በላይ አንድ ዶላር የለኝም፣ አንተ አፍሪካዊ ነህ ታውቃለህ፣ በልክ የሚያስከፍል ኤጀንት ፈልግልኝ፣ አንተም አብረኸኝ ትሄዳለህ አለችኝ።

እንግዲህ እውነቱን ልንገራችሁ። እኔ አዲስ አበባ ነው የተወለድኩት። በሕይወቴ ያየሁት ብቸኛ ዝሆን ፊደል ገበታ ላይ "ዝ" አጠገብ የቆመው ነው። አንበሳም ቢሆን ያየሁት ስድስት ኪሎ፣ በፍርግርግ ውስጥ፣ ያውም ተኝቶ። ግን ፒያኖዋን የሸጠች ሴት ፊት ቆሞ "አላውቅም" ማለት ምን የሚሉት ወንድነት ነው? ራሴን በክብር ነቅንቄ፣ ተይው ለእኔ አልኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ይህቺን ሴት ያለ ዝሆን ላላስቀር ቆረጥኩ።

መጀመሪያ እዚያው ሳንታ ሞኒካ፣ ባሕሩ አጠገብ ያለ ባለመስታወት የጉዞ ወኪል ቢሮ ይዣት ሄድኩ። ገና ሳንቀመጥ አረፋ ያለው ውሃ ከነሎሚው ቀረበልን። አረፋ ያለው ውሃ በነጻ የሚያድል ቤት ገንዘቡን ከየት እንደሚያመጣው መጠርጠር ነበረብኝ። አስተናጋጇ ልጅ ሚስ ዶረቲን አየች፣ የአንገት ዕንቁዋን አየች፣ ከዚያ ዋጋውን ተናገረች። ዋጋው ውስጥ በፊኛ ሰማይ ላይ መንሳፈፍ አለበት፣ ድንኳን ውስጥ የገላ መታጠቢያ ገንዳ አለበት፣ ጀንበር ስትጠልቅ ወይን የሚቀዳ ሰው አለበት። ዝሆኑም በመጨረሻ ተጠቅሷል። ሚስ ዶረቲ ቤት ገብታ ስትደምረው ፒያኖው ኬንያ ድረስ ያደርሳታል፣ መመለሻ ግን የለውም።

ጥፋቱ የኔ ነው፣ ፈረንጅ ይዤ ዋጋ ጠየቅሁ። ስለዚህ በሁለተኛው ቀን እሷን ሶፋዋ ላይ ትቼ ብቻዬን ግሌንዴል ሄድኩ። እዚያ ያለው ኤጀንት የጠራው ዋጋ እጅግ ዝቅ ያለ ነበር፤ በደስታ ልፈርም እስክሪብቶ አነሳሁ። በሬ ሆይ፣ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ የተባለው ለኔ ነው። እንዲያው ለወጉ ያህል፣ የፓርክ መግቢያ አለበት አይደል ስለው፣ እሱ ለብቻው ነው አለ። እዚያው አገር ውስጥ የሚበረው ትንሹ አውሮፕላንስ? ለብቻው። የሚጠጣ ውሃ? ለብቻው። ሾፌሩስ? ሾፌሩ አለ፣ ጉርሻው ግን ግዴታ ነው፣ እሱም ለብቻው። መኪናው ጎማ አለው ወይ ብዬ ልጠይቅ አስቤ መልሱን ፈራሁት። ያም ሆኖ ሰውዬውን አመሰግነዋለሁ፤ የሚጠየቀውን ጥያቄ ሁሉ ያስተማረኝ እሱ ነው። "ለብቻው" ያለኝን ሁሉ በደብተር ጽፌ ወጣሁ።

ደብተሬን ይዤ የደረስኩት እንደማንኛውም የጨነቀው ሐበሻ፣ የሐበሻ ሱቅና ምግብ ቤት የተደረደረበት ፌርፋክስ ነው። ፓርኪንግ ፍለጋ ሦስት ጊዜ ዞሬ፣ ከአንድ ልብስ መሸጫ በላይ ደረጃውን ወጥቼ እትዬ ጽጌ ቢሮ ገባሁ። እትዬ ጽጌ ለአገር ቤት ተጓዥ ትኬት ሲቆርጡ ብዙ ዓመታቸው ነው፤ ናይሮቢ ካለ ሰው ጋር ሆነው ደግሞ ሳፋሪ ይልካሉ። ጴንጤ ናቸው፣ ሳይጸልዩበት ትኬት አይቆርጡም። መነጽራቸውን ወደ አፍንጫቸው ጫፍ አውርደው፣ ለማን ነው አሉኝ።

ለአሜሪካዊት አሠሪዬ ልል አፌን ከፍቼ ነበር። ያቺ ያስቀመጥኳት ጥበብ በዚያች ቅጽበት ነቃች። ለእናቴ ነው አልኩ።

ከአፍ የወጣ አፋፍ። እትዬ ጽጌ መነጽራቸውን ጨርሰው አወለቁ። ውይ፣ እናትህ እዚህ ናቸው እንዴ፣ መቼ መጡ አሉኝ። ከመጣች ቆይታለች አልኩ። ይህ ውሸት አይደለም፣ ሰማንያ ዓመት አልፏታል። ጤናቸውስ? ጉልበቷን ያማታል። ይህም እውነት ነው። ታዲያ አሉ እትዬ ጽጌ፣ ጉልበታቸውን የሚያማቸውን እናት አገር ቤት ወስዶ ከዘመድ ማገናኘት ሲገባ አውሬ ማሳየት ምን ይባላል፣ የኛ እናት ዝሆን ካየች ትሮጣለች እንጂ ከፍላ ትሄዳለች እንዴ? የኔ እናት ትንሽ ለየት ትላለች አልኩ። ከዚያን ቀን ንግግሬ ሁሉ ይህን ያህል እውነት የተናገርኩበት ዓረፍተ ነገር የለም።

ከዚያ ክርክሩ ተጀመረ። ዋጋ ጠሩ፣ ሳቅሁ። ኮምፒውተሩን ወደኔ አዙረው አሳዩኝ፣ አላየሁም። ደብተሬን አውጥቼ የፓርክ መግቢያውን፣ ትንሹን አውሮፕላን፣ ውሃውን፣ ጉርሻውን አንድ በአንድ አስገባሁ። እሳቸው ኮሚሽኔን እኮ ነው የበላኸው አሉ። እኔ ብድግ ብዬ ወደ በሩ ሄድኩ፤ እጀታውን እስክይዝ ጠብቀው ጠሩኝ። በማግስቱ ከሰዓት እንደገና ሄጄ እንደገና በሩ ድረስ ደረስኩ። በሁለት ቀን ስንት ጊዜ እንደተነሳሁና እንደተቀመጥኩ ሳስበው የታመመው የማን ጉልበት ነው ያሰኛል። በመጨረሻ እጃቸውን አንስተው፣ በቃ፣ እናት ናቸው፣ ከዚህ በታች አልወርድም አሉ። ደመርኩት። ፒያኖው ሁለታችንንም አድርሶ ይመልሰናል፣ የአንድ እግሩ ያህልም ይተርፋል።

በኩራት ጨዋታው አለቀ ስል እትዬ ጽጌ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ለእናትህ ልጸልይ፣ ስማቸው ማነው አሉኝ። እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ፤ ግን ፈጣሪያችን አንድ ነው፣ ጆሮውም አንድ ነው። ነጋዴን መዋሸት አንድ ነገር ነው፣ በጸሎት መሀል መዋሸት ሌላ። ላብ አጠመቀኝ። እሱ ያውቃታል አልኩ። አሜን አሉ፣ ቀጠሉ። ሲጨርሱ ደግሞ የባሰውን አመጡ። ቅዳሜ ገንዘቡን ስትከፍል ከነፓስፖርታቸው ይዘሃቸው ና፣ የጸሎት እህቶቼንም እጠራለሁ፣ እናት መጥታ ሳንጠይቅ ነውር ነው አሉኝ።

እናንተዬ፣ ይህን እንዴት ረሳሁት? የሰው እናት መጣች ከተባለ ሐበሻ ዝም ይላል እንዴ? ፍሪዌይ ተዘግቶ ቢሆን በእግሩ ይመጣል። ሌላ ኤጀንት ልፈልግ ወይ ብዬ አሰብኩ። አይሆንም። ያንን ዋጋ በጉልበቴ ነው ያገኘሁት፣ የሚስ ዶረቲም ዓመት እየሄደ ነው። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ የኔ ቅዳሜ ሊጠራ ሆነ።

ቅዳሜ ጠዋት ሚስ ዶረቲን መኪና ውስጥ አስገብቼ አስር ቁጥር ፍሪዌይ ላይ ስንወጣ ሁሉንም ተናዘዝኩ። አንቺን እናቴ ብዬሻለሁ፣ ዋጋ እንዳይጨምሩብሽ ብዬ ነው፣ አሁን እውነቱን ነግሬ ይቅርታ እጠይቃለሁ፣ ምናልባት ዋጋው ይጨምር ይሆናል አልኳት። እስከ መውጫው ድረስ በመስኮቱ መኪናዎቹን ስታይ ቆየች። ተቀየመችኝ ብዬ መሪውን ጨብጬ ቀረሁ። መውጫው ላይ ስንደርስ፣ ኦኬ፣ እናት ከሆንኩ ምን ማድረግ አለብኝ አለችኝ። ምግብ ሲያቀርቡልሽ ሁለቴ እምቢ ብለሽ በሦስተኛው ትቀበያለሽ፣ ጉንጭሽን ደጋግመው ሲስሙሽም እንዳትሸሺ አልኳት። እምቢ ማለቱን እንደ መዝሙር እየደጋገመች አጠናችው።

የእትዬ ጽጌ ደረጃ አሥራ ዘጠኝ ነው። ሚስ ዶረቲ አንድ እጇን ክንዴ ላይ፣ አንዱን የደረጃው መደገፊያ ላይ አድርጋ እየቆጠረች ወጣች። ሁለት ቦታ ቆመች፤ አንዱ ላይ ትንሽ አለቀሰች መሰለኝ፣ ወይ ነፋሱ ነው። ልመልስሽ ብላት፣ ዝሆኑ ደረጃ አይወጣልኝም አለችና ቀጠለች። ያኔ ነው ዋጋው እጥፍ ቢሆን እንኳ ይህቺን ሴት እንደማደርሳት ያወቅሁት።

በሩ ሲከፈት ውስጥ ሦስት ሴቶች ነጠላ ለብሰው ቆመዋል፣ ጠረጴዛው ላይ ድፎ ዳቦ ተቆርሷል። አንደኛዋ እልልታ ጀምራ ግማሽ ላይ ቀረች። እትዬ ጽጌ ሚስ ዶረቲን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ተመልሰው እሷን አዩ። ከዚያ በእንግሊዝኛ፣ ይሄ ልጅሽ ነው ወይ አሏት። ሚስ ዶረቲ ዓይኗን ሳታሽ፣ የመጨረሻው ነው አለች። ዳቦም ሲሰጧት የተማረችውን ሁሉ ረስታ በመጀመሪያው ተቀበለች።

ወደ እትዬ ጽጌ ጠጋ ብዬ በአማርኛ አንገቴን ደፋሁ። ይቅር ይበሉኝ፣ አሠሪዬ ናት፣ ፒያኖዋን ሸጣ ነው የምትሄደው፣ የፈረንጅ ዋጋ እንዳይጠሩባት ፈርቼ ነው አልኩ። እትዬ ጽጌ ፓስፖርቷን ተቀብለው ኮምፒውተሩ ላይ ስሟን ጻፉ። ረጅም ስም ነበር፣ ወይም የኔ ልብ ነው ያስረዘመው።

ጽፈው ሲጨርሱ ነው የተናገሩት። "ስማኝ ሙሉጌታ፣ ፈረንጅ አይከራከርም። ስለዚህ ለፈረንጅ የመጨረሻውን ዋጋ ነው የምነግረው፣ ሰምቶ ይከፍላል ወይ ይሄዳል። ለሐበሻ ግን ጨምሬ ነው የምጀምረው፣ እንደምትከራከሩ ስለማውቅ። ፈረንጅ ናት ብትለኝ ኖሮ ይሄኑ ዋጋ የመጀመሪያውን ቀን አምስት ደቂቃ ውስጥ ፈርመህ ትወርድ ነበር።"

ሁለት ቀን ከሰዓት። ስንትና ስንት መነሳትና መቀመጥ። ያ ሁሉ ውሸት ከነላቡ። ጸሎቱስ እንዴት ይሆናል አልኩ። ጸሎቱ ደርሷል፣ እሱ ያውቃታል ብለህ የለ አሉኝ።

ሚስ ዶረቲ አማርኛ ባይገባትም ጆሮዋ የሰው ድምፅ ሲወርድ ያውቃል። ምን አለችህ ብላ ጠየቀችኝ። እትዬ ጽጌ ናቸው ትኬቱን ከማተሚያው እያወጡ በእንግሊዝኛ የመለሱላት፦ መልኩን አይቼ ነው፣ ልጅሽ በአባቱ ነው የወጣው አልኩት አሏት።

ሚስ ዶረቲ የዳቦውን ፍርፋሪ ከቀሚሷ ላይ አራግፋ፣ ትኬቷን ተቀብላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። አዎ፣ አባቱም እንደዚሁ ነበር አለች፤ ቤንዚን በርካሽ ለመቅዳት ከሳንታ ሞኒካ ግሌንዴል ድረስ አንድ ሰዓት ሙሉ ይነዳ ነበር።