ሐጂ ያልቀመሱት የኮሪያ ጥብስ

ልጃገረድ ለማስጠየቅ ሽማግሌ የሚልክ ሰው ሞኝ ነው! አዎ፣ አልኩ፣ አልመልሰውም። ሽማግሌ ይከበራል፣ ይጦራል፣ ምርቃቱ ይፈለጋል። ለጋብቻ መላክ ያለበት ግን ረሃብ ነው። የጠገበ አጎት ጥርሱን እየጎረጎረ «እስቲ እናስብበት» ይላል፤ ሲያስብም ዓመት ያልፋል። የራበው አጎት ግን... ቆይ ከመጀመሪያው ልጀምርላችሁ። ማን ያውቃል፣ ለወንድ ልጃችሁ ይጠቅማችሁ ይሆናል።

ዘመኑ ደርግ ነው። እኔ ከአዲስ አበባ ተመድቤ ጅጅጋ አስተማሪ ነበርኩ። ምደባው የደረሰኝ ቀን እናቴ አልቅሳለች። ሁለት ዓመት ቆይቼ «ዝውውር አልፈልግም» ብዬ ስጽፍላት ደግሞ የባሰ አለቀሰች። ምን ታድርግ፣ ሙሉነሽን አላየቻትም! ሙሉነሽ የሆስፒታሉ ነርስ ነበረች። ወባ ይዞኝ ሄጄ መርፌ ወጋችኝ። መርፌ ተወግቶ «እግዜር ይስጥልኝ፣ ነገስ በስንት ሰዓት ልምጣ?» የሚል በሽተኛ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ነኝ።

ሙሉነሽ በከተማው ያላት ዘመድ አጎቷ ሻምበል ደምሴ ብቻ ነበሩ። አሳዳጊዋም፣ አባቷም እሳቸው ናቸው። ከእኔ በፊት የጠየቃትን አንድ የጉምሩክ ሠራተኛ «አረማመዱ አላማረኝም» ብለው መልሰውታል። ሰው ሊያገባ እንጂ ሰልፍ ሊወጣ ነው እንዴ! ሙሉነሽም ቁርጡን ነግራኛለች፦ «አጎቴ እንቢ ካለ እኔም እንቢ ነኝ። እያለቀስኩ እንቢ እላለሁ እንጂ እንቢ ነኝ።» ሕይወቴ በአንድ ሻምበል አፍ ላይ ተንጠልጥላለች ማለት ነው።

ሽማግሌ ከየት ላምጣ? ዘመዶቼ ሁሉ ሸዋ ናቸው። ያሉኝ ትልቅ ሰው አከራዬ ሐጂ አብዲ ብቻ ናቸው፤ ከሀርሺን በግ እያስነዱ ጅጅጋ የሚሸጡ፣ ጢማቸውን በሂና የሚያቀሉ፣ የተከበሩ ነጋዴ። ክርስቲያን ለክርስቲያን ሲጠይቅ ሙስሊም ሽማግሌ ይሆናል ወይ ብዬ ሳመነታ ሐጂ ተቆጡ።

«ዋርያ! የእኔ ግቢ ልጅ አይደለህም? ማን ይጠይቅልህ? ግድግዳው?»

እውነቴን ነው፣ እንባዬ መጣ።

ሐጂ አማርኛውን እንደ ውሃ ይጠጡታል። ያላቸው ችግር አንድ ነው፤ «እርስዎ» የሚባል ነገር አያውቁም። ለአውራጃ አስተዳዳሪውም ለበጉም «አንተ» ነው። ሻምበሉን «አንተ» ብለው ቢያስቀይሙብኝስ? ለሙሽራ ደግሞ ሽምግልና ላይ መገኘት ነውር ነው። ስለዚህ ምን አደረግሁ? አስተርጓሚ ነኝ ብዬ ተከትያቸው ገባሁ! ከአማርኛ ወደ አማርኛ በማስተርጎም እኔን የሚቀድመኝ ያለ አይመስለኝም። ሻምበል ሽማግሌ እንደሚመጣ እንጂ ሙሽራው ማን እንደሆነ አያውቁም። ሙሉነሽ «ከሐጂ አፍ ይስሙት» ብላ ሸሽጋቸዋለች።

ቦታውስ? ሻምበል የሚኖሩበት ጦር ሰፈር ሐጂን አያስገባም። የእኔ ክፍል ደግሞ ሁለት እንግዳ ከገባባት ባለቤቱ መውጣት አለበት። ቀረን ኮሪያ ቤት።

የኮሪያ ቤት ባለቤት ሃምሳ አለቃ ጓንጉል ነው። በጃንሆይ ጊዜ ኮሪያ ዘምቶ የተመለሰ ጡረተኛ ነው። ከጦርነቱ ያመጣው ነገር ቢኖር አንድ ሜዳልያ፣ አንድ የማይታጠፍ ጉልበትና አንድ የጥብስ አሠራር ነው። ጠረጴዛው መሀል የተቆረጠ በርሜል ይቀበራል፤ በርሜሉ ውስጥ ከሰል፣ ከሰሉ ላይ የብረት ወንፊት። ስጋው ጥሬውን ይመጣና ራስህ ጠብሰህ ትበላለህ። የቀበሌው ሊቀመንበር አንድ ቀን መጥቶ «የየትኛዋ ኮሪያ ምግብ ነው? የሰሜኗ ነው የደቡቧ?» ብሎ አፋጦት ነበር አሉ። ጓንጉልም «ጓድ፣ እኔ ስዘምት ስጋውን እንጂ አቅጣጫውን አላየሁም» ብሎ አመለጠ።

እሁድ እኩለ ቀን ላይ ተቀመጥን። ሻምበል ቀጥ ብለው፣ ሐጂ ረጅም ነጭ ቶብ ለብሰው፣ እኔ በላብ ተነክሬ። ጓንጉል በመጀመሪያ ለእያንዳንዳችን ሁለት ሁለት ቀጭን የተጠረበ እንጨት አደለን። ኮሪያዎች የሚበሉበት ነው። ሐጂ አንዷን አነሱና አገላበጧት። ጫፏን አኘኩና ጥርሳቸውን ይፍቁ ጀመር።

«ደረቅ ነች» አሉት ጓንጉልን ቅር ብሏቸው። «መፋቂያ እርጥብ ሲሆን ነው። ቀድሞ ብትነግረኝ እኔ አመጣልህ ነበር።»

«እርጥብ ቢሆን ይሻል ነበር፣ ያመጡልህ ነበር ይላሉ» ብዬ አስተረጎምኩ።

ቀጥሎ ስጋው መጣ። ሻምበል ጥሬ ስጋ ሲያዩ ፊታቸው በራ። «ቁርጥ! ሚጥሚጣው የታለ?»

«አይ ጌታዬ፣ ይጠበሳል» አለ ጓንጉል።

«ታዲያ ጠብሰህ አታመጣም?»

«ራስዎ ነዎት የሚጠብሱት።»

«እኔ ልጠብስ? አንተስ ምን ልትሠራ?»

«እኔማ አያለሁ!»

ሻምበል እኔን አዩኝ፤ እኔ ጣሪያውን አየሁ። ቤቱን የመረጠው አስተርጓሚው መሆኑን አልተናገርኩም።

እንግዲህ ታውቁታላችሁ፤ እኛ አገር አብሮ ይለቀሳል፣ አብሮ ይዘፈናል፣ ስጋ ላይ ሲደረስ ግን የሙስሊሙ ለሙስሊም፣ የክርስቲያኑ ለክርስቲያን ነው። ጓንጉል ጅጅጋ ውስጥ ሆኖ ይህን ሊስተው አይችልም። ለሻምበልና ለእኔ ከክርስቲያን ሥጋ ቤት፣ ለሐጂ ከሙስሊም ሥጋ ቤት በሁለት ሳህን አቅርቧል። ወንፊቱ ግን አንድ ነው። ከኪሱ ወፍራም ሽቦ አወጣና ወንፊቱን መሀል ለመሀል ከፈለው።

«ይቺ ሁለቱን ኮሪያዎች የምትለያቸው ሠላሳ ስምንተኛዋ መስመር ናት» አለ ደረቱን ነፍቶ። «ሰሜኑ የክርስቲያን፣ ደቡቡ የእስላም። ድንበር የሚጥስ ስጋ በእኔ ይያዛል!»

ሻምበልም ሐጂም በአሠራሩ ረኩ። እኔም ረካሁ። ስጋው ተደረደረ። አንድ ጉድ ብቻ አለ፦ ጓንጉል ሁለቱንም ስጋ በአንድ ዓይነት መረቅ ነው የሚዘፈዝፈው፤ የተቃጠለ ስኳር፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብልና ምንነቱን ለማንም የማይነግረው ከድንበር ከቶጎጫሌ የሚመጣ ጥቁር ነገር። ከዚያ መረቅ የወጣ ስጋ እናቱም አታውቀውም።

«መጀመሪያ ሆድ፣ ወሬው ከዚያ በኋላ» አሉኝ ሐጂ በጆሮዬ። ከበላን በኋላ ሊጠይቁልኝ ነው።

በዚህ መሀል የሻምበል ሹፌር ከበሩ ላይ ሰላምታ ሰጥቶ ጠራቸው። «መጣሁ» ብለው ወጡ። እነሆ ሰይጣን ወንበራቸው ላይ ቁጭ አለ! በሐጂ በኩል የነበረው የላት ስብ ቀለጠና ከሰሉ ላይ ተንጠባጠበ። እሳቱ ቦግ! አለ። የሐጂ ቀይ ጢም ሊያያዝ አንድ ስንዝር ቀረው። እኔም ሽማግሌዬን ላድን ብዬ በሁለቱ እንጨቶች ስጋ ለማሸሽ ስታገል እንጨቱ ሽቦው ሥር ገባ። ሳብ ሳደርገው... አቤት! ሽቦው ስጋውን ሁሉ ጠራርጎ መሀል ላይ ከመረው። ሰሜን የለ፣ ደቡብ የለ፤ አንድ ጥቁር ክምር!

ጓንጉል እያነከሰ ደረሰ። ክምሩን አየና ምንም ሳይደናገጥ እኩሌታውን ወዲህ፣ እኩሌታውን ወዲያ አድርጎ ሽቦውን መለሰ። «ይኸው፣ ሰላም ሰፈነ» ብሎ ሄደ። በምን ለየው? በምንም! ሐጂ እኔን አዩኝ። እኔ ሐጂን አየሁ። በዚያው ቅጽበት ሻምበል እጃቸውን እያሻሹ ተመለሱ።

«ኦ! በስሏል!»

በስሏል። እኔም አብሬ በስያለሁ። ሻምበል ያልታረደላቸውን ስጋ በልተው ኋላ ቢሰሙ ሙሉነሽን በሕልሜም አላያት። አሁኑኑ ብነግራቸው ደግሞ ሽምግልናው ሳይጀመር አለቀ። ጸሎቴ አንድ ብቻ ነበር፦ ሻምበል ጨዋ ናቸው፣ ትልቅ ሰው ሳይጀምር አይጀምሩም። ሐጂ እንዳይበሉ!

ሐጂም እጃቸውን አጣጥፈው ቁጭ አሉ።

«ይብሉ እንጂ ሐጂ» አሉ ሻምበል፣ አንድ ጉርሻ የሚያህል ስጋ አንስተው።

«ቆይ ሻምበል።»

«ኧረ ይቀዘቅዛል!»

«ይቀዝቅዝ።»

ሐጂ እውነቱን ቢናገሩ እኔን ማዋረዳቸው ነው፤ ቢበሉ ሃይማኖታቸው አይፈቅድም፤ «ብላ» ቢሉ ሰውየውን ማሳሳት ነው። ስለዚህ ዝም። ሻምበል ስጋውን እንደያዙ የሐጂን የተጣጠፈ እጅ አዩ። ሐጂን አዩ። እኔን አዩ። ከዚያ ግንባራቸው ቀስ እያለ ተፈታ።

«ገባኝ...» አሉ።

ምን ገባቸው? ደንቡ ነዋ! ቁም ነገር ይዞ የመጣ ሽማግሌ ጉዳዩ እሺ ካልተባለለት የሰው እህል አይቀምስም። ሻምበል የመሰላቸው ይህ ነው!

«ደንብ አዋቂ ነዎት ሐጂ» አሉ በአክብሮት። «ገና ሳይጠይቁኝ በእህል ያዙኝ? ለምን እንደመጡ አውቃለሁ። ላስብበት ነበር... ግን እንደርስዎ ያለ አባት ፊቴ ተርቦ አይቀመጥም። እሺ! ሰጥቻለሁ! ይብሉ!»

ከወንበሬ ልወድቅ ምንም አልቀረኝም። ሐጂ ግን እሺ የሚለውን ቃል ሳይሆን ስጋውን እያዩ «ያ ረቢ...» አሉ። አልበሉም።

«ጥሎሹ ነው? ጥሎሽ አልፈልግም፣ ይቅር!»

ሐጂ በረጅሙ ተነፈሱ።

«ቀኑ ነው? ለጥር ይሁን! ዘንድሮ!»

ዝም።

«ድግሱንም እኔ እችላለሁ። በሬ እጥላለሁ!»

የስጋ ወሬ ሲነሳ ሐጂ ፊታቸውን ኮሰተሩ።

«አነሰ? ሁለት በሬ!»

ከወንፊቱ ላይ የሚነሳው ሽታ፣ ወገኖቼ፣ ድንጋይ ያስርባል። የሻምበል ሆድ ጮኸ። ሻምበል ሆዳቸውን በቁጣ አዩትና ወደ እኔ ዞሩ።

«አስተርጓሚ! እኚህ ሰው ምን እያሉ ነው?»

«ምንም አላሉም ጓድ ሻምበል።»

«እሱን አስተርጉማ!»

ዝም ያለ ሰው በምን ቋንቋ ይተረጎማል? በላብ ብቻ መለስኩላቸው።

በመጨረሻ ሻምበል ስጋውን እንደያዙ ሁለት እጃቸውን ዘረጉ። «ሐጂ፣ ከዚህ በላይ የምሰጠው የለኝም። በአላህ ይዤዎታለሁ፣ ምን ጎደለ?»

በአላህ ከተያዙ ሐጂ አይዋሹም።

«ሻምበል፣ አላህ ይስጥህ» አሉ ቀስ ብለው። «ልጅቷን እኔ ገና ከበላን በኋላ ልጠይቅህ ነበር። ያልበላሁት... ሽቦው ወድቆ ስጋው ተደባልቋል። የትኛው ያንተ፣ የትኛው የእኔ እንደሆነ ወላሂ አላውቅም።»

ሻምበል እጃቸው ላይ ያለውን ስጋ አዩት። እንደሚፈነዳ ነገር ቀስ አድርገው ወንፊቱ ላይ መለሱት።

«ታዲያ... ቀድመው አይነግሩኝም ነበር?»

«አንተ ስትሰጥ ማን ያቋርጥሃል?» አሉ ሐጂ።

«እርስዎ ሲሰጡ ማን ያቋርጥዎታል ይላሉ» ብዬ አስተረጎምኩ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ሰውየው ደግሞ ወታደር ናቸው፤ ቃላቸውን ሊውጡ ሲሞክሩ ጉሮሯቸው ላይ ሲታገላቸው በዓይኔ አየሁ።

«ሽቦውን የጣለው ማነው?» አሉ በመጨረሻ።

ሐጂ በመፋቂያቸው ወደ እኔ ጠቆሙ። «ይሄ።»

«ሙሽራውስ ማነው?»

ሐጂ መፋቂያቸውን አላወረዱም። «ይሄው ራሱ።»

የጉምሩኩ ሰውዬ ትዝ አለኝ። እግሬን ሰበሰብኩ፣ እንዳያዩት። ሻምበል ከጸጉሬ እስከ ጫማዬ አዩኝ፣ ከጫማዬም እስከ ጸጉሬ ተመለሱ። እኔ በሕይወቴ እንደዚያን ቀን ፈርቼ አላውቅም። ከዚያ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። በንዴት መስሎኝ ነበር... ሳቅ ነው! ሐጂም ተከተሏቸው፤ ጓንጉልም ምኑም ሳይገባው ሳቀ።

«ቃሌን አላጥፍም» አሉ ሻምበል እንባቸውን እየጠረጉ። «ግን ስማ አንተ አስተርጓሚ! በሕይወትህ ሁሉ ምድጃ አጠገብ እንዳላይህ! ትእዛዝ ነው!»

ዳቦና ሻይ አዘዝን። ሦስታችንም እንደዚያን ቀን ዳቦ በልተን አናውቅም።

ሙሉነሽን በጥር አገባኋት። ወታደራዊ ትእዛዝ ትእዛዝ ነውና፣ እኔም ከዚያን ቀን ጀምሮ ምድጃ ነክቼ አላውቅም፤ በዚህ ረገድ ታማኝነቴን ማንም አይጠራጠርም። ሰሞኑን ግን ሙሉነሽ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ «አጎቴ ስለ ምድጃ ነው የተናገረው፤ ስለ ሳህን ምን አለ?» ብላ ጠየቀችኝ። ብዙ አሰብኩ፤ ምንም አላሉም። ይህን የጻፍኩላችሁም እጄን አድርቄ ነው።