ኩላብ ላይ የተሰቀለው የአባቴ ዳዊት

መጽሐፍን ከአይጥ ማዳን ቀላል ነው፤ ከአክባሪው ማዳን ነው የሚከብደው።

አይጡንማ የድሮ ሰዎች አሸንፈውታል። በቤተ ክርስቲያን ዕቃ ቤት መጽሐፍ እንደ ዛሬው መደርደሪያ ላይ አይገተርም ነበር። እያንዳንዱ በቆዳ ማኅደሩ ውስጥ ሆኖ፣ በማንገቻው ግድግዳ ላይ ይንጠለጠላል። አይጥ አይደርስበት፣ ምስጥ አያገኘው፣ እርጥበት አይነካው። አባቴም ዳዊቱን እንዲሁ ግድግዳ ላይ በተሰካ ኩላብ ሰቅሎ ኖረ። ሲሞት ታናሽ ወንድሜ ውቤ አውርዶ ወገዳ ወዳለው ቤቱ ወሰደው። ምክንያቱ? ወንድ ነዋ። እኔ ፊደል ቆጥሬያለሁ፤ ውቤ ፊደል ሲያይ ማሳ ውስጥ ይደበቅ ነበር። ይህን ማን ይጠይቃል?

እኔ እጠይቃለሁ። ሽማግሌ ሰበሰብኩ። "ስድስት ወር እኔ ጋ፣ ስድስት ወር እሱ ጋ፤ አንድ ቀን ማሳለፍ የለም" ብዬ ደንቡን ራሴ አወጣሁ። ሽማግሌዎቹ ተስማሙ፤ ከእኔ ለመገላገል ይመስለኛል።

ማኅደሩን አንግቼ በእግሬ መንደሬ አመጣሁት፤ ሰቀልኩት። ጠዋት እሳለመዋለሁ፣ ማታ እሳለመዋለሁ። ጎረቤት ሳይሳለም አይቀመጥም። "ከፍተሽ አይተሽው ነበር?" ትሉኝ ይሆናል... እናንተ ደግሞ፣ የተከበረ ነገር ይከፈታል እንዴ?

ስድስት ወሩ ሊሞላ አንድ ቀን ሲቀረው መምሬ ጠበል ሊረጩልኝ መጡ። ከአባቴ ዳዊት ጥቂት እንዲደግሙልኝ ለመንኳቸው። ማኅደሩን አወረዱ፣ ተሳለሙ፣ ከፈቱ።

"አባትሽ ዶሮ ያረባ ነበር?"

"ምን ነካዎት፣ መምሬ?"

አዙረው አሳዩኝ። ሽፋኑ ላይ ቀይ አውራ ዶሮ ቆሟል። የዶሮ እርባታ መመሪያ።

በማግስቱ ከመምሬ ጋር ወገዳ ወረድን። ዳዊቱ ውቤ ቡፌ ውስጥ፣ ከብርጭቆዎቹ መሃል ቆሟል።

"ልጄ ናት፣ እትዬ። በመስታወት ያምራል አለችኝ። ባዶው ማኅደር ሲሟሽሽ ደግሞ አላስችል አለኝና..."

"ዶሮ ከተትክበት።"

"ልክክ ብሎ ገባ እኮ።"

"ስትሰጠኝስ አፍህን ምን ያዘው?"

"ገና ሳልናገር ተሳለምሽው። ከዚያ ወዲያ ምን ልበል?" ይባስ ብሎም፣ "ለማንኛውም ተራሽ አልቋል" አለ።

መምሬ ሳቃቸውን በጭራቸው ጋረዱ።

"እውነት ነው" አልኩት። "ዶሮህ ስድስት ወር እኔ ጋ ከረመ፣ ዳዊቱ አንተ ጋ። ተራው ደርሷል፤ ይለዋወጡ።"

ውቤ መምሬን አየ። መምሬ ቡፌውን ከፈቱ።

ማኅደሩን ከነዶሮው ለውቤ ትቼ፣ ዳዊቱን በነጠላዬ ጠቅልዬ ገባሁ። ማኅደር ስለሌለው አይሰቀል። ከማንበብ በቀር የማደርገው ጠፋኝ። ፊደል በፊደል እየለቀምኩ ይኸው በሁለት ወር ሰባተኛው መዝሙር ላይ ደርሻለሁ። መቶ አርባ ሦስት ይቀረኛል፤ ውቤ ደግሞ ቀኑን እየቆጠረ ነው። እስኪ ፍረዱኝ፣ ለዚህ ሁሉ ስድስት ወር ብቻ? እንዲህ ያለ ደንብ ያወጣች ሴት እጄ ላይ ብትወድቅ...