ትልቁን ዲስክ የመረጥኩ ዕለት

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ከዚህ በፊት ምንም ጽፌ አላውቅም። ትምህርቴ ስድስተኛ ክፍል ላይ ነው የቆመው። ሶዶ ውስጥ በጋሽ ከድር ኮፒ ቤት የሰው ጽሑፍ እተይባለሁ እንጂ የራሴ የምለው አልነበረኝም።

ዛሬ ግን አለኝ!

ኮምፒውተራችን ተገጣጥሞ የተሠራ ነው። ሆዱ ውስጥ ሁለት ዲስክ አለው፤ አንድ ትንሽ አዲስ፣ አንድ ትልቅ አሮጌ። ሰሞኑን "ዊንዶውሱ አርጅቷል" እያለ ሲነዘንዘን የገጣጠመው ቴክኒሻን አዲሱን በፍላሽ ላከልንና በስልክ አስረዳኝ።

"ገባሽ?" አለኝ።

"አዎ፣ ገባኝ።"

አልገባኝም። ሁለቴ ያስረዳችሁን ሰው ለሦስተኛ ጊዜ መጠየቅ አታፍሩም? እኔ አፍራለሁ።

ጠዋት ፍላሹን ሰካሁ። የትኛው ዲስክ ላይ ልጫን ብሎ ኮምፒውተሩ ጠየቀኝ። ዊንዶውስ ትልቅ ነገር ነው ብዬ ትልቁን መረጥኩ። ፎርማት አደረግኩት፤ ውስጡ ያለውን ሁሉ እንደሚያጠፋ አላወቅኩም።

ቀልጥፎ ተጫነ። ደስ አለኝ!

ከዚያ የቤተ ክርስቲያን መዘምራን ያስተየቡኝን ፋይል ፈለግኩ።

የለም።

ሃያ አራት የወላይትኛ መዝሙር! ቅዳሜ ታትሞ ወደ ተበላ ከተማ ለጉባኤ የሚሄድ። የተጻፈበት ደብተርማ ኋላ ዝናብ ገብቶበት ተበላሽቷል። "ኮምፒውተር ውስጥ ከገባ አይጠፋም" ብለው ነበር ያመጡልኝ።

ለጋሽ ከድር ነገርኳቸው። እንደሚያባርሩኝ እርግጠኛ ነበርኩ። "ራስሽ ንገሪያቸው" ብቻ አሉኝ።

የመዘምራኑ መሪ ወንድም ታምራት ሲመጣ ኪቦርዱን እያየሁ ነገርኩት።

"ጮክ በይ እህቴ፣ አልሰማሁሽም።"

ጮክ ብዬ ደገምኩት። ወረፋ የያዘው ሰው በሙሉ ሰማ።

"ደብተሩ ጠፋ እንጂ አፋችን አልጠፋ" ብሎ ወጣ። ከምሳ በኋላ ዘጠኝ መዘምራን አስከትሎ መጣ!

"በንባብ ንገሩኝ" አልኳቸው።

አልቻሉም። ካልዘመሩ ግጥሙ አይመጣላቸውም። ስለዚህ እያጨበጨቡ ዘመሩ። እኔ በየስንኙ "ቆይ!" እላለሁ። ባቆምኳቸው ቁጥር ደግሞ ከመጀመሪያው ይነሳሉ!

ሰው በር ላይ ተሰበሰበ። ባጃጆች ቆሙ። አንዱ ሾፌር "ኮፒ ቤቱ ቸርች ሆነ እንዴ?" ብሎ ጮኸ። ሰው ሲያየኝ መተየብ የሚያቅተኝ እኔ፣ መሀል ላይ ተቀምጬ "ቆይ! ቆይ!" እላለሁ።

ጋሽ ከድር መስጊድ ሄደው ሰግደው ሲመለሱ ገና አራተኛው ላይ ነበርን።

ዘጠነኛው ላይ መዘምራኑ አንድ ስንኝ ጠፋቸው። እርስ በርስ ተያዩ። ከባንኮኒው ኋላ አንድ ሰው ስንኙን አቀበላቸው።

ጋሽ ከድር! ከመጀመሪያው በተነሳ ቁጥር እየሰሙ ይዘውታል።

ወንድም ታምራት እስኪያለቅስ ሳቀ።

ሲመሽ ዘጠኝ ተይቤያለሁ፤ አሥራ አምስት ይቀረኛል። አሁንስ ምን ተማርሽ ብትሉኝ፣ ያልገባኝን ገባኝ አልልም። ይህንንም ከነገ ጀምሮ።

ቦርሳዬን አንስቼ ልወጣ ስል ጋሽ ከድር ቁልፋቸውን እንደያዙ ጠሩኝ።

"ልጄ፣ የሠራሽውን ለመጠባበቂያ ፍላሽ ላይ ገልብጪ። ነገም በጠዋት ነይ። እኔን ባክአፕ አታድርጊኝ!"