የጋሼ ታደሰ ባትሪ

ባትሪ እንደ አራስ ሲጠበቅ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አይቻለሁ! እዚሁ ፍራንክፈርት፣ ኡንተርሊደርባህ ሰፈር፣ ጎረቤቴ ጋሼ ታደሰ ሳሎን ውስጥ!

ጋሼ ከፍሉግሃፈን፣ ከአውሮፕላን ማረፊያው ሥራ ጡረታ እንደወጡ አልጋና ምድጃ ያለው አሮጌ የቮንሞቢል መኪና ገዙ። ለሚስታቸው ለእትዬ ብርሃኔም "ባሕር አሳይሻለሁ" ብለው ቃል ገቡ። ብርዱ ሲመጣ ግን "ውርጭ ባትሪ ይገድላል" ተባሉና ባትሪውን አውጥተው ሳሎን አስተኙት። ጋቢ ደረቡለት! እንግዳ ሲገባ መጀመሪያ ቮልቱ ይለካል፤ ሰላምታው ከዚያ በኋላ ነው። በጋ ሲሆንስ? በጋማ "ጉዞ ባትሪ ያደክማል" ይላሉ። መኪናዋ ሦስት ዓመት ሙሉ ከግቢ አልወጣችም።

ባለፈው ሚያዝያ ባትሪው ሲገጠም ጎረቤቱ ሁሉ ለማየት ወጣ። እትዬ ብርሃኔ መሪውን ይዘው ቁልፉን አዞሩ። ሞተሩ በአንዴ ተነሣ! እልልታው ቀለጠ!

"በቃ፣ አጥፊው! ባትሪው ይደክማል!" አሉ ጋሼ።

"ታዴ፣ ባትሪ እኮ መኪና ሲነዳ ነው የሚሞላው!" አሉና እትዬ ብርሃኔ ነዷት። እኔ ዘልዬ ገባሁ፤ ጋሼም የቮልት መለኪያቸውን እንደያዙ በነጠላ ጫማ ሮጠው ደረሱብንና ገቡ።

የማይን ወንዝን ስንሻገር እትዬ ብርሃኔ "ኧረ ውሃውን እይ!" አሉ። ማን ሰምቷቸው? ጋሼ መቀመጫው ሥር ባለው ባትሪ ላይ ተደፍተው በደስታ ጮኹ፦

"አሥራ አራት ቮልት! እየሞላ ነው! ብርሃኔ፣ ንጂ! እንዳታቆሚ!"

ባሕር የደረስነው እንዲህ ነው። ባሕሩ እንዴት እንደነበር ጋሼን ብትጠይቋቸው፣ አሥራ አራት ቮልት እንደነበር ይነግሯችኋል።